በእናቴ አፍ ውስጥ ያለው ሰው

እናቴ በሻይ ያራሰችውን ዳቦ አፏ ከከተተች በኋላ ማላመጧን አቆመች። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ቆየች።

«ምነው እማዬ፣ ቁስሉ አመመሽ?» አልኳት።

ዳቦውን መዳፏ ላይ ተፋችው። ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ የምትጠነቀቅ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አፌ ውስጥ ሰው አለ» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ፊቷን ሳየው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እናቴ ቀልድ የምታውቅ ሴት አይደለችም።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ወንድ። ሲጋራ የሚያጨስ ወንድ።»

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጥርስ አስነቅላ ነበር። እናቴ ከከምባታ ተድራ ወንጂ የመጣችው ጥርሷ ከበቀለና ከጠነከረ በኋላ ስለሆነ ጥርሷ እስከ እርጅናዋ ድረስ እንደ ወተት ነጭ ነበር። እኔና ወንድሜ ግን እዚያው ሸንኮራው መሀል ተወልደን፣ የዚያን አገር የጉድጓድ ውኃ እየጠጣን ስላደግን ጥርሳችን ቡናማ ነው። አዳማ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው እንኳን ስቄ ካየኝ «የወንጂ ልጅ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። ለዚህ ነው ስስቅ እጄ ሳላዘው አፌ ላይ የሚሄደው። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ እኔ ጋ አዳማ መጣች። ነጩ ጥርሷ ድዱ እየሸሸ፣ አንድ በአንድ እየተነቃነቀ ሲያስቸግራት የቀሩትን አስነቅለን ሰው ሠራሽ ልናስገባላት ተስማማን።

የጥርስ ሐኪሟን የማውቃት በሥራዬ ነው። መጋረጃ እሰፋለሁ። ክሊኒኳን ስትከፍት ከሰዓት በኋላ የሚገባው ፀሐይ የታካሚውን ዓይን እየወጋ አስቸግሯት ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ አዘዘችኝ። ሰፍቼ፣ በእጄ ሰቀልኩላት። መጋረጃው ሲዘጋ ክፍሉ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ነጩ ወንበር፣ ነጩ ጋውን፣ የሰው ፊት ሳይቀር ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። ስሰቅለው ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴን እዚያ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ሳያት ግን ከንፈሯ የሞተ ሰው ከንፈር መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ከእኛ በፊት ማን እንደታከመ አላየንም። ስንገባ ወንበሩ ባዶ፣ ወለሉ የተወለወለ ነበር። ረዳቷ ነርስ አዲስ የምራቅ መምጠጫ ከፕላስቲኩ ቀድዳ አውጥታ ከማሽኑ የሚመጣው ጎማ ጫፍ ላይ ስትሰካ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪሟ አደነዘዘቻት፣ ነቀለችላት። ደሙና ምራቁ ሲሞላባት፣ «እማማ፣ ከንፈርዎን በቱቦው ላይ ግጥም ያድርጉት፤ እሱ ራሱ ይመጥልዎታል» አለቻት። እናቴ እንደታዘዘችው ገጠመች። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገቡ።

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። መምጠጫው በረጅሙ ተንፍሶ ሞተ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጎማው ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ጉርርር ሲል ሰማሁ። የእናቴ ዓይኖች በሰማያዊው ጨለማ ውስጥ ፈጠጡ። እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ወዲያው ጄኔሬተሩ ከታች ተነሥቶ መብራቱ በራ፤ መምጠጫውም መሳቡን ቀጠለ፤ ሥራውም አለቀ። ስንወጣ እናቴ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ማደንዘዣው መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት «ሰው አለ» ስትለኝ፣ «የማደንዘዣው ጣዕም ነው እማዬ፤ ደሙም አለ፤ ነገ ይጠፋል» አልኳት።

አልጠፋም። እናቴ በጨው ውኃ ተጉመጠመጠች፣ በሎሚ ተጉመጠመጠች። አንድ ማለዳ ግቢው ቧንቧ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በሻይ ማንኪያ ምላሷን ስትፍቅ አገኘኋት። ማንኪያውን ነጠቅኳት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የሱን ምራቅ እየዋጥኩ እስከ መቼ እኖራለሁ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተወች። ብርጭቋን ለይታ መደርደሪያው ጥግ ላይ ደፋችው። የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት መጥተው ሲስሟት ፊቷን ታዞርባቸው ጀመር። ስታወራ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ትይዛለች፤ ልክ እኔ ስስቅ እንደማደርገው። ሲብስባት ደግሞ ስለ ሰውዬው ትነግረኛለች። ሲጋራው ብቻ አይደለም፤ ጫትም አለበት። ከሲጋራውና ከጫቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ።

«ምን?» አልኳት፣ መጠየቄን እየጠላሁት።

«ፈርቷል» አለች። «ሰው ሲፈራ አፉ የሚደርቀውን ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ ያሰብኩት እናቴን ላጣት መሆኑን ነው። ሞት አይደለም፤ ሌላው፣ ሰው እዚያው ተቀምጦ አእምሮው የሚሄደው አካሄድ። ልብስ መስፊያዬ ላይ ሆኜ ከበስተኋላዬ ስትተነፍስ እሰማታለሁ፤ አንዳንዴ ትንፋሹ የእሷ አይመስለኝም። መርገጫውን አቁሜ ዞር እላለሁ። እሷ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እያየችኝ ነው።

መተሐራ ለሚሠራው ወንድሜ ደወልኩለት። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለት የጸሎት ሴቶች ይዞ መጣ። እናቴ ቤተ ክርስቲያኗን የምትወድ ሴት ናት፤ ሴቶቹን በደስታ ተቀበለቻቸው፣ አጠገባቸው ተንበረከከች። እጃቸውን ጫኑባት። ጸሎቱ እየጋለ ሲሄድ አንደኛዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንተ መንፈስ፣ ስምህ ማን ነው? ተናገር!» አለች።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። በጣም በረጋ ድምፅ፣ «እሱ አይናገርም፣ ልጄ» አለቻት። «ዝም ብሎ ነው ያለው። መጠየቅ ከፈለግሽ እኔን ጠይቂኝ።»

ሴትዮዋ እጇን ከእናቴ ራስ ላይ ስታነሣ የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ። ወንድሜ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነፋሱ ያነሣውን አቧራ ከዓይኑ እየጠረገ፣ «እማዬ እየሄደች ነው» አለኝ። እሱም ያሰበው እኔ ያሰብኩትን ነው። አቧራው ይሁን ለቅሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

የቀሩት ሁለት ጥርሶች የሚነቀሉበት ቀን ሲደርስ እናቴ እምቢ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። በጠዋት ተነሥታ ለባበሰች። ደጃችን ላይ በአሮጌ ቆርቆሮ ከተከለችው ጤና አዳም ቅጠል ቀንጥባ ጉንጯ ሥር ወሸቀች። ይህ ከአገሯ ይዛው የመጣችው መድኃኒት ነው፤ ጥርሷን በቆረጠማት ቁጥር ታደርገዋለች። እኔም የተቦረቦረች መንጋጋ ስለነበረችኝ በዚያው ቀን ላስሞላት አብሬ ቀጠሮ ይዤ ነበር።

ነርሷ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ ሃርሜ!»፣ እንዴት አደሩ፣ ብላ ተቀበለቻት። እናቴን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትጠራት ሃርሜ፣ እናቴ፣ ብላ ነው። እናቴ ሰላምታውን አልፋ ቀጥ ብላ ሄዳ ወንበሩ ላይ ወጣችና ጣቷን ወደ ጎማው ቀሰረች።

«ይሄ አዲስ ነው?»

«ይኸው ሃርሜ፣ አሁን እያዩኝ እቀድደዋለሁ» ብላ ነርሷ ፕላስቲኩን ቀደደችው።

ሐኪሟ ጤና አዳሙን አስተፋቻትና ሥራዋን ጀመረች። ከንፈርዎን ይግጠሙ ስትላት ግን እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ ደገመችላት። እናቴ አፏን እንደከፈተች፣ ምራቅና ደሙ በአገጯ እየወረደ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ ነርሷ ቱቦውን እየያዘች ከአፏ ሲወጣ ሲወጣ መጠጠችላት። ጥርሶቹ ወጡ። እናቴ ጥጥ ነክሳ ግድግዳው ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተራው የእኔ ሆነ።

ነርሷ ጫፉን አውልቃ ጣለች። ሌላ ቀደደች፣ ሰካች። ወንበሩ ተንጋለለ፤ እኔ የሰፋሁት መጋረጃ ከራሴ በላይ ሰማያዊ ሆኖ ተንጣለለ። ሐኪሟ በመሰርሰሪያዋ መሥራት ጀመረች፤ ውኃው ጉሮሮዬ ሥር ሲሞላ፣ «አሁን ከንፈርሽን ግጠሚና ሳቢው» አለችኝ።

ገጠምኩ። ሳብኩ። ውኃው ሄደ። ከንፈሬን ላላ ሳደርግ ግን ሌላ ነገር መጣ።

ቀዝቃዛ ነበር፣ ከጠብታ አይበልጥም። ምላሴ ላይ አረፈና ተዘረጋ። ጤና አዳም። ያ አረንጓዴ፣ ሹል ምሬት። ከሥሩ ብረት ብረት የሚል የደም ጣዕም። ከዚያም ሥር ስም የሌለው፣ ግን ከማንኛውም ነገር አስቀድሜ የማውቀው ጣዕም ነበረ፤ እናቴ በልጅነቴ ቆሎ አኝካ፣ አልማ፣ በጣቷ አፌ ውስጥ ስታስገባልኝ የነበረው። ያኔ የሚጣፍጠኝ ነገር ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ግን አንገፈገፈኝ። እጄን አነሣሁ፤ ሐኪሟ አቆመች። ወደ መትፊያው ዘንበል ብዬ ተፋሁ፣ ደግሜ ተፋሁ።

ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነበር። በጥጡ መሀል፣ በተኮላተፈ ድምፅ፣ «አገኘሽው?» አለችኝ።

«አንቺን ነው ያገኘሁት» አልኳት።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ያለ እፎይታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

ሐኪሟ ምን እንደምንባባል አልገባትም። ነገርኳት። መጀመሪያ እሷም ያለችው እኔ ለእናቴ ያልኳትን ነው፤ ማደንዘዣው፣ መድኃኒቱ። «ጤና አዳም እዚህ ክፍል ውስጥ ትጠቀማላችሁ?» አልኳት። ሐኪሟ ነርሷን አየቻት። ከዚያ ጭንብሏን አውርዳ፣ «ቆይ» አለች።

ነርሷ ታች ካለው ሱቅ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ቀይ ቀለም ገዝታ መጣች። ሐኪሟ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥብጣ በመምጠጫው ሳበችው፤ ጎማው ሁሉንም ዋጠው። ከዚያ ያንን ጫፍ ጣለችና አዲስ፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ጫፍ ሰካች። አንድ የጎማ ጓንት ወስዳ አፉን በጫፉ ዙሪያ በጣቶቿ አጥብቃ ያዘችው። መምጠጫው ጓንቱን ሳበው። ጓንቱ ተጨማደደ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጥርስ የሌለው አፍ መሰለ። ሁላችንም ቆመን እያየን ነበር። ሐኪሟ በሌላ እጇ የጓንቱን ጣቶች ይዛ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ጎተተች፤ አንድ ሰው ጉንጩን እንደሚያላላ።

ቀዩ ነገር ከጎማው ውስጥ ብቅ አለ። በጠራው ጫፍ ውስጥ ቀጥኖ፣ ክር አክሎ ወደ ላይ ወጣ። መሀል ላይ ቆመ፤ የሚያስብ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀጠለና ጓንቱ ውስጥ ገባ።

«ጌታ ሆይ» አለች ነርሷ።

እናቴ ጥጧን ከአፏ አውጥታ፣ «ይኸው። እንደዚህ ነው የገባው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም።

ሐኪሟ የታካሚው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ተለዋውጧል፤ ሲያስተምሯትም ከንፈር ግጠሙ ማለትን እንደ ደግነት ነው የተማረችው። ቀስ እያለች አስረዳችን። ጫፉ በየሰው ይለወጣል እንጂ ከኋላው ያለው ጎማ አይለወጥም፤ ውስጡ በየመሀሉ በውኃና በመድኃኒት ካልታጠበ ያለፈው ሰው ምራቅና ደም እዚያ ይቀራል። አፍ ሲገጥም መሳቡ እዚያው ይታፈናል፤ አፍ ውስጥ ያለው መሳብ ለቅጽበት ከጎማው ከበለጠ ጎማው ውስጥ የቀረው ወደ አፍ ይመለሳል። መብራት ጠፍቶ መሳቢያው ሲቆም፣ ጎማውም ከአፍ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ ደግሞ ይብሳል።

«ታዲያ ያ ሰውዬ አለ ማለት ነዋ» አለች እናቴ።

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «ከእርስዎ በፊት የነበረው ሾፌር ነው። ወደ ጅቡቲ ሊነሣ ቸኩሎ ነበር። መርፌውን ሲያይ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች።

ክሊኒኩ በዚያ ቀን ተዘጋ፤ በሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ተመለሱ። እኔና እናቴ ለምርመራ ደም ሰጠን። ሐኪሟ በዚህ መንገድ በሽታ መተላለፉ እምብዛም የማይታይ ነገር እንደሆነ ደጋግማ ነገረችን፤ ግን የጉበት ቫይረስ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል ደሙ ከወራት በኋላ መደገም እንዳለበትም አልደበቀችንም። ሾፌሩንም ደውላ እንደምትጠራው ነገረችን።

የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ ቢሆንም ሁለተኛውን የምንጠብቅበት ጊዜ ከሁሉም የከፋው ነበር። እናቴ ግን ተረጋጋች። ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ጀመረች፤ እኔ ነኝ ጉርሻዋን ስቀበል ልቤ የሚፈራው። ጣዕሙ ጠፋልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ጠፍቷል። እሱ ግን አለ» አለችኝ። ማለዳ ማለዳ ወንበር አውጥታ አስፋልቱ ዳር ትቀመጥ ጀመር፤ ኮንቴይነር የጫኑት ትላልቅ መኪኖች ቤቱን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ፣ እሷ ታያቸዋለች። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስወጣ፣ «ዛሬ አዋሽን አልፏል» አለችኝ። ድምፅዋ ስለ ልጇ እንደምታወራ ነበር። «በምን አወቅሽ?» አልኳት። «እንዲያው ነው» አለች። ሻዩን አጠገቧ አስቀምጬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውዬው አልጠየቅኳትም፤ ስትጸልይ ግን ከእኔና ከወንድሜ ቀጥሎ «ያንን መንገደኛ» ስትል እሰማታለሁ።

ሁለተኛውን ውጤት ልንሰማ የሄድን ቀን መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። የክፍሉ ሥርዓት ተለውጧል። ነርሷ ወፍራም መምጠጫ ይዛ ታካሚው ራስጌ ትቆማለች፤ ማንም ከንፈር እንዲገጥም አይታዘዝም፤ ጎማው ከአፍ በታች ይውላል፤ ሰው በወጣ ቁጥር ውኃና መድኃኒት ሲስብ ይሰማል። በሩ ጋ ጄኔሬተር እስኪነሣ የሚይዝ ባትሪ ተቀምጧል። ሐኪሟ ወረቀቱን ከፍታ፣ «ሁለታችሁም ንጹሕ ናችሁ» አለችን። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

እናቴ ግን አልተነሣችም። «የእሱስ?» አለች።

«የማን?»

«የሾፌሩ።»

ሐኪሟ በዚህኛው ጊዜ ጠንቀቅ አለች። «እማማ፣ የእሱን ልነግርዎ አልችልም። የሰው የሕክምና ምስጢር ነው።»

«ምራቁን ስውጥ ምስጢር አልነበረም» አለች እናቴ።

ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሐኪሟ ቀላች፤ ግን አልተናደደችም። እናቴ ድምፅዋን አለሰለሰች።

«እሺ፣ ሌላውን ተይው። በሕይወት አለ?»

«አለ» አለች ሐኪሟ። «ደውዬለት መጥቶ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ክረምቱን ወንድሜ ጋ መተሐራ ሄዳ ከረመች። ሰው ሠራሹን ጥርስ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምታደርገው፤ ሌላ ቀን ብርጭቆ ውስጥ ውኃ አድርጋበት መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ወንድሜ ሲደውልልኝ ምግቧ ደህና እንደሆነ፣ አእምሮዋም እንደ ድሮው ስለት እንደሆነ ይነግረኛል። እኔም ግማሽ ላይ የቀረችውን መንጋጋዬን ያቺው ሐኪም ጨርሳ ሞላችልኝ። ሲሠራልኝ አፌን በሰፊው ከፍቼ ጣሪያውን ነበር የማየው። መንጋጋው ደነዘዘኝ፣ ምራቄም በአገጬ ወረደ፤ ነርሷ ጠረገችልኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ።